አራተኛው የትራያትሎን ክፍል፦ የመሸጋገሪያው ሥፍራ ሕግና ፊዚክሱ

ትራያትሎን ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ያለ ዕረፍት የሚያከታትል ውድድር ሲሆን፣ ወደ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ነው። የኦሊምፒኩ ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ብዙዎቻችን እነዚህን ሦስቱን ብቻ እንቆጥራለን። ይሁንና ተወዳዳሪው ከውኃ ወጥቶ ብስክሌቱን የሚያነሣበት፣ በኋላም መልሶ አስቀምጦ ለሩጫ የሚነሣበት የመሸጋገሪያ ሥፍራ አለ፤ ሰዓቱም በዚያ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ ኒኮላ ስፒሪግ ከስዊዘርላንድና ሊሳ ኖርደን ከስዊድን ሁለቱም በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ገብተው፣ ወርቁ ለስፒሪግ የተሰጠው በፎቶግራፍ ተለይቶ ነበር። እንግዲህ በዚህ ሥፍራ አንዲት ሰከንድ ለመስረቅ የማይፈተን ማን ነው? ሕጉ የተጻፈው ለዚህ ፈተና ነው።

ተወዳዳሪው ብስክሌቱን ከመስቀያው ከማንሣቱ በፊት ሄልሜቱን ማጥለቅ ብቻ ሳይሆን ማሰሪያውንም መቆለፍ አለበት፤ ሲመለስም ብስክሌቱን በመስቀያው እስኪያኖር ድረስ ሊፈታው አይችልም። ተማሪዎቻችንን የአሲድ ጠርሙስ ከመክፈታችሁ በፊት መነጽር አድርጉ እያልን የምንጨቀጭቃቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እጅ ሥራ ከያዘ በኋላ መከላከያ ይረሳል።

የሄልሜቱን ጥቅም በቀላል ስሌት እንመልከት። ከ1.5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ጭንቅላት መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.4 ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነቱ በእኩል መጠን እየቀነሰ ይቆማል ብለን ብንገምት፣ በጭንቅላቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል የክብደቱ ስንት እጥፍ እንደሚሆን በግርድፉ ለማወቅ የውድቀቱን ከፍታ ለመቆሚያው ርቀት ማካፈል ይበቃል፤ ማረጋገጡን ለአንባቢ እንተዋለን። የሄልሜቱ ፎም 2 ሴንቲ ሜትር ቢጨመቅ ውጤቱ 75 እጥፍ ነው። ሄልሜት ያላጠለቀ ጭንቅላት አስፋልት ላይ በ2 ሚሊ ሜትር ቢቆም ግን 750 እጥፍ ይሆናል። ማሰሪያው ያልተቆለፈ ሄልሜት ቀድሞ ሊወልቅ ስለሚችል በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም።

በሥፍራው ውስጥ ብስክሌት እየገፉ መሮጥ እንጂ መጋለብ ክልክል ነው። ተወዳዳሪው ብስክሌቱ ላይ የሚወጣው የመውጫውን መስመር አልፎ አንድ እግሩ መሬት ከነካ በኋላ ሲሆን፣ ሲመለስ ደግሞ ከመውረጃው መስመር በፊት እግሩ መሬት መንካት ይኖርበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 10 ሜትር የሚጋልብ ሰው ፍሬኑ በየሰከንዱ ከፍጥነቱ 5 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስለት እንኳ ለመቆም 10 ሜትር ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢያንስ 2.5 ሜትር ይበቃዋል፤ የመቆሚያ ርቀት ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋልና። ከዋና የወጡ ሰዎች ውኃ እያንጠባጠቡ በሚሮጡበት መንገድ ላይ ደግሞ ሰበቃው ስለሚቀንስ ርቀቱ ይረዝማል።

በዝግታ መጋለብስ? እሱም አያዋጣም። ብስክሌት ሚዛኑን የሚጠብቀው ወደ ወደቀበት አቅጣጫ በመታጠፍ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ለተመሳሳይ እርማት የሚያስፈልገው የመታጠፊያ ራዲየስ ወደ አንድ አራተኛ ያንሳል። አዲስ የተሳፈረ ጋላቢ ወዲያና ወዲህ የሚዋልለው ስለዚህ ነው፤ በመስቀያዎች መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ ለመዋለል ቦታ የለም።

የቀሩት ሕጎች ብዙ ማብራሪያ አይሹም፦ ዕቃን በተመደበለት ቦታ ብቻ ማኖር፣ የሌላውን መንገድ አለመዝጋት፣ የራስን ቦታ ለመለየት ምልክት አለማኖር።

በዚያው በለንደን፣ ነሐሴ 7 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዛዊው ጆናታን ብራውንሊ ከመስመሩ ቀድሞ ብስክሌቱ ላይ በመውጣቱ በሩጫው ክፍል 15 ሰከንድ ቆሞ እንዲቀጣ ተደረገ። ማንንም አልገጨም፤ ዳኛ ግን አደጋን ሳይሆን መስመርን ነው የሚለካው፤ በእኛ አስተያየትም ትክክል ነው። ወርቁን ወንድሙ አሊስተር በ1፡46፡25፣ ብሩን ስፔናዊው ሃቪየር ጎሜዝ በ1፡46፡36፣ ነሐሱን ጆናታን በ1፡46፡56 ወሰዱ። ከጎሜዝ ጋር ያለው ልዩነት 20 ሰከንድ ስለሆነ ቅጣቱን ብቻ ብንቀንስ ደረጃው አይለወጥም። ይሁን እንጂ ቅጣት እንደሚጠብቀው እያወቀ የሚሮጥ ሰው ጉልበቱን የሚያከፋፍለው እንደሌሎቹ ስላልሆነ፣ ያ ቅነሳ የውድድሩን እውነተኛ ልዩነት አይነግረንም።