ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፤ የአንድ ቀን ጉዞና መንገድ መሪው የሚተርከው ታሪክ

አንኮበርን ለማየት የሚሄድ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ የሚያየው የነገሥታቱን ግቢ ኮረብታ ብቻ ነው። ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያኽል ወደ ምሥራቅ ይጓዝና ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ኮረብታ ይወጣል፤ ከጥንቱ ግቢ የተረፈውን የግንብ ፍራሽና በጥንቱ አሠራር አምሳያ የተሠራውን የእንግዳ ማረፊያ ይመለከታል፤ ቆላውን ከላይ ቁልቁል አይቶ ይመለሳል። በእኛ አስተያየት ይህ የጉዞው ግማሽ ነው። የአንኮበር ኃይል ምን ላይ ቆሞ እንደ ነበር የሚታወቀው ከኮረብታው ራስ ሳይሆን ከሥሩ ካሉት መንደሮች ስለ ሆነ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር፥ በሁለቱ የትምህርት መንፈቆች መካከል፥ አራት ሆነን አንድ የአገሩን ተወላጅ መንገድ መሪ ይዘን ይህን መንገድ በእግራችን ወረድን። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) መሪያችን ዕድሜያቸው የገፋ፥ የአንኮበርን ታሪክ እንደ ዳዊት የሚደግሙ ሰው ናቸው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እንደ ገዙ፥ ምኒልክም በ1865 ከመቅደላ አምልጠው የአባቶቻቸውን አገር መልሰው እንደ ያዙ፥ በኋላም ከተማው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር አንኮበር እንደ ቀዘቀዘች ሳያቋርጡ ነገሩን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን ንግግራቸው እያጠረ ሄደ።

መንገዱ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ከላይ ጥድና የገብስ ማሳ አለ፤ ካባ የሚያስለብስ ብርድ ነው። ጥቂት ሰዓት እንደ ወረዱ ማሽላና ጫት ይታያል፤ እኛም ካባችንን በትከሻችን ተሸከምነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ይህ የአየር ልዩነት የንግድ ሥራን ይከፋፍል ነበር። ከታጁራ በረሃውን አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጨውና ጨርቅ በግመል ጭኖ እስከ ፋሬ ድረስ ይደርሳል። ፋሬ የድንበር መግቢያ በር ነበረች፤ ግመል ከዚያ ወዲያ ዳገቱን ስለማይችለው ጭነቱ ወደ አጋሰስና ወደ ሰው ትከሻ ይዛወራል። ከዚያ በላይ አልዩ አምባ ገበያው ነው፤ ዋነኛውም የገበያ ቀን ዓርብ ነበረ። ከሁሉም በላይ አንኮበር የፍርድና የጦር ከተማ ነበረች። እንግዲህ ሦስቱ እንደ መሰላል ደረጃ ናቸው፤ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ማስረዳት አይቻልም።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ የወላስማ መሐመድ ሥልጣን ነው። ወላስማ የጥንቱ የይፋት ሱልጣኖች ስም ሲሆን፥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ይህን ስም የያዙት እስላም መኰንን የምሥራቁን ጠረፍ በአበጋዝነት ይጠብቁ ነበር። መቀመጫቸው ጎንጮ የተባለው አምባ ነው። በዚሁ አምባ ላይ ዙፋን ይሻማሉ ተብለው የሚፈሩት የንጉሡ ዘመዶች ታስረው ይኖሩ ነበር። ክርስቲያኑ ንጉሥ የባሕሩንም መንገድ የወንድሞቹንም እስር ቤት ለአንድ እስላም መኰንን አደራ መስጠቱ፥ ደጋውና ቆላው ጠላቶች ብቻ ነበሩ ለሚለው ሰው በቂ መልስ ይመስለናል።

የዚያን ዘመን ሁኔታ ከጻፉት ፈረንጆች ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል። ሐሪስ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ መጥቶ በኖቬምበር 1841 ከንጉሡ ጋራ ውል ተዋዋለ፤ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ግን በ1842 በአልዩ አምባ ቤት ይዞ ተቀመጠ። የሁለቱም መጻሕፍት በ1844 ታተሙ። የሐሪስ መጽሐፍ የቤተ መንግሥቱ ግርማ ያመዝንበታል፤ ጆንስተን ስለ ጎረቤቶቹ፥ ስለ ገበያውና ስለ ኑሮ ይጽፋል። ለመንገድ መሪዎች የሚሰጥ ትምህርት ቢኖር የጆንስተን መጽሐፍ እንዲቀድም እንመርጥ ነበር።

ከገበያው ነገር አንድ ዝም የሚባል አለ። ከደጋው ወደ ታጁራ ይወርድ የነበረው ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። በአልዩ አምባ አቅራቢያ ያለችው አብዱረሱል በባሪያ ገበያነቷ የታወቀች ነበረች። ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። መሪያችን ይህን አላነሡም፤ ስንጠይቃቸው ግን እያንዳንዱን ነገር ያውቁታል።

«አባባ፥ ለምን ለእንግዳው አይነግሩትም?» አልናቸው።

«ልጆቼ፥ እንግዳ የሚመጣው የንጉሥ አገር ሊያይ ነው፤ የጠየቀኝ እናንተ ብቻ ናችሁ» አሉን።

መልሳቸው ጥፋቱን ከእርሳቸው ይልቅ ወደ እኛ ወደ ጠያቂዎቹ ያዞረዋል። በትምህርት ቤት ስለ አንኮበር ስንማር የነገሥታቱን ስም በተራ እንጠራ ነበር እንጂ፥ ያ ሁሉ ቀረጥ ከምን እንደሚሰበሰብ የጠየቀ አልነበረም።

አልዩ አምባ የደረስነው ገበያ በሌለበት ቀን ስለ ሆነ መንደሩ ጸጥ ብሎ ነበር። የአገሩ ሰዎች ብዙዎቹ አርጎባዎች ናቸው፤ ንግድና ሽመና የቆየ ሙያቸው ነው። በዚህ አካባቢ ያሉት የሚናገሩት አማርኛ ሲሆን፥ የአርጎባ ቋንቋ እስከ ዛሬ የሚነገረው ወደ ሰሜን ባሉት እንደ ሾንኬ ባሉ ጥቂት መንደሮች ነው። አንድ ሸማኔ ከጉድጓዱ ሳይነሣ ሥራውን ሲያሳየን፥ ከላይ የሚመጣ እንግዳ እምብዛም እንደማይወርድ ነገረን። እኛም ገንዘቡ ከኮረብታው ላይ እንደሚቀር ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው፤ የመግቢያውም የምሳውም ዋጋ የሚከፈለው ላይ ነውና።

ይህን ጉዞ ለሚያስቡ ጓደኞቻችን የምንመክረው በጧት ተነሥተው ከላይ ወደ ታች እንዲሄዱ፥ በዓርብም እንዲሆን ነው። ለመመለሻው መኪና ከአልዩ አምባ እንዲጠብቃቸው አስቀድመው ይስማሙ፤ እኛ ዳገቱን በእግራችን እንወጣለን ብለን መሪያችንን ስንጠይቃቸው፥ ሳቁና ቁጭ አሉ።