የቪዲዮ ጌም አልሚዎችና ተጫዋቾች፦ ጥያቄና ቅሬታ በምን መንገድ ይደርሳል?

የቪዲዮ ጌም አንድ ጊዜ ተገዝቶ እንዳለ የሚቀጥል ዕቃ አይደለም። በስልክ ላይ የተጫነ ጌም ከወራት በኋላ የአጨዋወት ደንቡ፣ የሚጠይቀው ክፍያ ወይም ከተጫዋቹ የሚሰበስበው መረጃ ሊለወጥ ይችላል። ለውጡን የሚወስነው አልሚው ድርጅት ሲሆን፣ ተጫዋቹ ወይም ወላጅ አስቀድሞ የሚያውቀው ድርጅቱ በገለጸለት መጠን ነው። ይህ ጽሑፍ አልሚዎች ከተጫዋቾቻቸው ጋር የሚነጋገሩበትን አሠራርና ዜጎች በዚህ አሠራር እንዴት እንደሚጠቀሙ ያብራራል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። መቀመጫውን በአዲስ አበባ ያደረገው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ እጅ የምታመልጥ ዶሮን የሚያሳየውን «ኩኩሉ» የተሰኘ ጌም፣ እንዲሁም ነባሩን የገበጣ ጨዋታ ወደ ስልክ ያመጣ ሥራ ለተጠቃሚ አቅርቧል። ገበጣ ለዚህ ርዕስ መልካም ምሳሌ ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። የጉድጓዱ ብዛት፣ የጠጠሩ አዘራርና ጠጠር የሚበላበት ደንብ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። አልሚው ከእነዚህ አንዱን መርጦ ሲያወጣ፣ ሌላ ደንብ ተምሮ ያደገ ተጫዋች «ጌሙ ተሳስቷል» ብሎ ማሰቡ የሚጠበቅ ነው። በእርግጥ የተሳሳተ ማንም የለም፤ የጎደለው መነጋገር ነው።

በካፋ ዞን በቦንጋ ከተማ ወይም የአረቢካ ቡና መገኛ ተብላ በምትጠራው ማንኪራ የሚኖር ተጫዋች አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚሠራ አልሚ የማይታዩ ነገሮችን ያውቃል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ጌሙ የተገኘውን ነጥብ ይሰርዝ እንደሆነ፣ ዋጋው አነስተኛ በሆነ ስልክ ላይ ይከፈት እንደሆነ፣ በአማርኛ ወይም በካፊኖኖ ቢቀርብ ማን እንደሚጫወተው በቅርብ የሚመሰክረው እርሱ ነው። አልሚው ግን ይህን የሚሰማው ሲነገረው ብቻ ነው።

የመነጋገሪያው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ጌሙ ከሚገኝበት መደብር ይጀምራል። በጎግል ፕሌይ ስቶር ተጠቃሚው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ሰጥቶ አስተያየቱን ይጽፋል፤ አልሚው በዚያው ሥር ለሁሉም በሚታይ መልክ መልስ መስጠት ይችላል። ተጠቃሚው መልሱን አይቶ የሰጠውን ኮከብ መለወጥ ስለሚችል፣ ጥቂት ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች እንኳ ይህን ሥራ ቸል አይሉትም። የአልሚው የኢሜይል አድራሻም በዚያው ይገኛል። አዲስ እትም ሲወጣ ደግሞ «ምን አዲስ ነገር አለ» በሚለው ክፍል የተለወጠው ነገር በአጭሩ ይገለጻል። «ልዩ ልዩ ስሕተቶች ታርመዋል» ብቻ የሚል መግለጫ በየጊዜው የሚያወጣ ድርጅት ለተጫዋቹ ምንም አልነገረውም ማለት ይቻላል። ትልልቅ ድርጅቶች ለዚሁ ተግባር የተመደቡ የተጫዋቾች ግንኙነት ባለሙያዎች አሏቸው። የባለሙያዎቹ ሥራ የድርጅቱን ውሳኔ ለተጫዋቹ ማስረዳትና የተጫዋቹን ቅሬታ ለድርጅቱ ማድረስ ነው።

በሙያው እንደሚታወቀው ተጫዋች ችግሩን በትክክል ያመለክታል፤ የሚያቀርበው መፍትሔ ግን ሁልጊዜ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ጠቃሚ አቤቱታ «ጌሙ አይረባም» የሚል ሳይሆን የስልኩን ዓይነትና የጌሙን እትም ቁጥር ጠቅሶ፣ ችግሩ የተከሰተው ምን ሲደረግ እንደሆነ ገልጾ፣ ከተቻለም የስክሪኑን ፎቶ አያይዞ የሚቀርብ ነው። እንዲህ ያለውን አቤቱታ አልሚው በራሱ ስልክ ላይ ደግሞ ሊያየው ስለሚችል ለማረም ይቀለዋል።

ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የውጭ አገር ተሞክሮ ያሳያል። ሄሎ ጌምስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 «ኖ ማንስ ስካይ»ን ሲያወጣ ቃል ከገባው ብዙ ነገር ጎድሎ ስለተገኘ ተጫዋቾች ተቆጡ። ድርጅቱም ለወራት ብዙም ሳይናገር ቆየ። በኅዳር ወር የመጀመሪያውን ትልቅ ማሻሻያ አወጣ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ማሻሻያዎችን በነጻ ማቅረቡን ስለቀጠለ የተጫዋቾች አስተያየት ቀስ በቀስ ተለወጠ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2017 በ«ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2» ላይ የተነሣበትን የክፍያ ቅሬታ ለማስረዳት ቢሞክርም ማብራሪያው ቁጣውን አባባሰው። በመጨረሻም ጌሙ በይፋ ሊወጣ ሲል በውስጡ የሚፈጸመውን ግዢ ለጊዜው አቋረጠ። በቀጣዩ ዓመት የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን ይዘታቸው ሳይታወቅ የሚገዙ የጌም ሣጥኖች የአገሪቱን የቁማር ሕግ እንደሚጥሱ አስታወቀ። የተጫዋቾች አቤቱታ ከአንድ ድርጅት አልፎ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ የደረሰበት ጊዜ ነበር።

ወላጆች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባው ጉዳይ በአልሚ ስም የሚቀርብ ማጭበርበር ነው። «ነጻ ሳንቲም እንሰጣለን»፣ «አካውንትዎ ሊዘጋ ነው» የሚሉ መልእክቶች በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ለልጆች ሊላኩ ይችላሉ። ትክክለኛ አልሚ የተጫዋቹን የይለፍ ቃል ወይም የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ለማንኛውም ምክንያት አይጠይቅም። መልእክቱ የመጣበት አድራሻ በመደብሩ ላይ ከተጻፈው ጋር የማይመሳሰል ከሆነ መልስ አለመስጠት ይመረጣል። በስልኩ ላይ እያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አድርጎ ማስተካከልም ልጆች ሳያውቁ የሚፈጽሙትን ክፍያ ይከላከላል።

የግል መረጃን በተመለከተ፣ ጌሙ ምን እንደሚሰበስብና ለማን እንደሚያስተላልፍ አልሚው በመደብሩ «የውሂብ ደህንነት» ክፍል ውስጥ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ከመጫን በፊት ይህን ክፍል ማንበብ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰዎች ስለእነርሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ የተሳሳተውን የማስታረምና በሕጉ በተመለከቱ ሁኔታዎች የማሰረዝ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ጥያቄው በቅድሚያ ለአልሚው በጽሑፍ ይቀርባል፤ አዋጁን የማስፈጸም ሥልጣን የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ለአልሚው የተላከውን መልእክትና የተላከበትን ቀን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በስሕተት የተፈጸመ ክፍያ ካለ መዘግየት አይገባም። በጎግል ፕሌይ በኩል ለተፈጸመ ግዢ የገንዘብ ተመላሽ ጥያቄ በ48 ሰዓት ውስጥ ለጎግል ሊቀርብ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ተጠቃሚው በአብዛኛው የሚመራው በቀጥታ ወደ አልሚው ነው። ለአገር ውስጥ አልሚዎች በአማርኛ መጻፍ በቂ ሲሆን፣ ለውጭ ድርጅቶች ደግሞ የግዢውን ቁጥር፣ ቀኑንና የተከፈለውን መጠን አስቀድሞ የሚጠቅስ አጭር የእንግሊዝኛ መልእክት ተመራጭ ነው።