የስፖርት መኪናና ግልጽ ላስቲክ፦ ቀለም መከላከያ ፊልም እንዴት ይሠራል? ሶፍትዌሩስ የት ላይ ነው?

እዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ኪቦርድ፣ ስለ ፊደልና ስለ ስልክ ነው። የዛሬው ርዕስ መኪና ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ሶፍትዌር ላይ ስለሚያርፍ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

በምህጻር ፒፒኤፍ የሚባለው የቀለም መከላከያ ፊልም በመኪናው ቀለም ላይ የሚለጠፍ ግልጽ ላስቲክ ነው። እኔ በምኖርበት በኮሎምቢያ ሃይትስ፣ እንዲሁም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ጥሩ መኪና የገዛ ሐበሻ ሁሉ አንድ ቀን ይህን ጥያቄ ያነሳል፦ «ላስለጥፍ ወይስ ይቅር?» ጥያቄው ቀላል አይደለም። የፊቱን ክፍል ብቻ ማስሸፈን ብዙ ጊዜ ከ1,500 ዶላር በላይ ያስወጣል፤ ሙሉ መኪና ሲሆን ደግሞ ከ5,000 ዶላር ያልፋል። ይህ ለብዙዎቻችን የወራት የቤት ኪራይ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት የምንገዛው ምን እንደሆነ እንወቅ።

ቀለሙን የሚጎዳው ምንድን ነው?

የፋብሪካ ቀለም በንብርብር የተሠራ ነው። ከታች ፕራይመር፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ ከላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ግልጽ ሽፋን አለ። የክሊሩ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የአንድ ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን ካሰባችሁ፣ መኪናውን የሚያስጌጠው ነገር ከጸጉር የሳሳ ነው ማለት ነው።

አሁን ጠጠር እናስብ። ከ2020 ጀምሮ በዋሽንግተን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የተለመደው የፍጥነት ገደብ በሰዓት 20 ማይል ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ በሚወስደው ቀለበት መንገድ፣ ማለትም በቤልትዌይ፣ ግን ገደቡ 55 ማይል ነው። የግጭት ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ 55ን ለ20 አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ አባዙት፤ 7.6 አካባቢ ይመጣል። ያው አንድ ጠጠር ቤልትዌይ ላይ የሚመታን ሰፈር ውስጥ ከሚመታን ከሰባት እጥፍ በላይ በሆነ ጉልበት ነው።

የስፖርት መኪና ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፤ ከፊት ያለው መኪና የሚያፈናጥረው ጠጠር በቀጥታ ኮፈኑንና ፓራውልቱን ያገኛል። ሰፋፊ ጎማዎቹም ጠጠር እያነሱ የራሱን የኋላ ፓራፋንጎ ይመታሉ። በዚህ ላይ የክረምቱን የመንገድ ጨው፣ የወፍ ኩስና የነፍሳት ርጋፊ ጨምሩበት። በ2021 በየ17 ዓመቱ ከመሬት የሚወጣው የሲካዳ መንጋ ሲመጣ እዚህ የነበረ ሰው ይህን አይረሳውም።

ፊልሙ ከምን ተሠራ?

የዚህ ፊልም አያት ወታደራዊ ነው። በቬትናም ጦርነት ዘመን 3ኤም የተባለው ኩባንያ የሄሊኮፕተር ክንፎችን ከአሸዋና ከፍንጣሪ የሚጠብቅ የፖሊዩረቴን ቴፕ ሠርቶ ነበር። የዛሬው ፊልም ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት፦

- ከታች ሙጫ፤ ሲጫኑት የሚይዝ፣ በሙቀት ታግዞ የሚላጥ።
- መሐል ቲፒዩ የሚባል ተለጣጭ ፕላስቲክ፤ የጠጠሩን ጉልበት ተለጥጦ የሚውጠው እሱ ነው።
- ከላይ ስስ ሽፋን፤ ቆሻሻ የሚከላከልና ቀላል ጭረትን የሚያጠፋ።

አጠቃላይ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 8 ሚል ነው። አንድ ሚል 25.4 ማይክሮን ስለሆነ ወደ 203 ማይክሮን ይደርሳል፤ ከክሊሩ ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

«ራሱን ይፈውሳል» የሚለው ማስታወቂያ ውሸት አይደለም፤ ግን ወሰን አለው። የላይኛው ሽፋን ሞለኪውሎች እንደ ላስቲክ የተያያዙ ስለሆኑ፣ በፀሐይ ወይም በሙቅ ውሃ ሲሞቁ ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው ይመለሳሉ። የእጥበት ጭረት የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ፊልሙን ሰንጥቆ ያለፈ የቁልፍ ጭረት ግን አይመለስም። መንገድ ዳር ሲያቆሙ ሌላ መኪና ገፍቶ የሚያደርሰውን ጉድጓድ ፊልሙ አያስቀርም፤ ከሥር የጀመረ ዝገትንም አያቆምም።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ

ፊልሙ ጠፍጣፋ ጥቅል ነው፤ መኪናው ግን ጎባጣ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የመሶብ ክዳን አስቡ። ሾጣጣ ስለሆነ በወረቀት ብትሸፍኑት ወረቀቱ ሳይጨማደድ ይጠቀለልለታል። ብርቱካን ግን በማንኛውም ወረቀት ብትሸፍኑት ይጨማደዳል። ልዩነቱ ብርቱካን በሁለት አቅጣጫ መጉበጡ ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1827 እንዳረጋገጠው፣ እንዲህ ያለ ገጽ ሳይለጠጥ ወይም ሳይቀደድ ጠፍጣፋ ሊሆን አይችልም። የዓለም ካርታ ሁልጊዜ አገሮችን የሚያዛባውም በዚሁ ምክንያት ነው። የስፖርት መኪና ፓራውልትና ስፖኪዮ የብርቱካን ወገን ናቸው፤ የአብዛኛው መኪና ጣሪያ ግን ወደ መሶብ ክዳኑ ይጠጋል።

ስለዚህ አንድ ሰው ለእያንዳንዱ ሞዴል፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ጠፍጣፋ ንድፍ ማዘጋጀት አለበት፤ የት እንደሚለጠጥ፣ የት ትንሽ ቅድ እንደሚያስፈልገው አስቦ። በዘርፉ ታዋቂ የሆነው ኤክስፔል በ1997 የተነሳው በዚህ ዓይነት የንድፍ ሶፍትዌር እንጂ በፊልም አልነበረም። ይህ ለእኛ ለፕሮግራመሮች ትልቅ ትምህርት አለው፦ ዳታው ራሱ ምርት ነው።

ንድፉ የሚቀመጠው በነጥቦችና በኩርባዎች ነው። የግዕዝ ፎንት ሠርታችሁ ከሆነ የምታውቁት ነገር ነው፤ የ«ሐ» ዙሪያና የኮፈን ዙሪያ ለኮምፒውተር አንድ ዓይነት ናቸው። ከዚያ ንድፉ ወደ መቁረጫ ፕሎተር ይላካል። ብዙ ፕሎተሮች ኤችፒጂኤል የተባለውን የቆየ ቋንቋ ይረዳሉ። ትእዛዞቹ «ብዕር አንሳ»፣ «ብዕር አውርድ»፣ «እዚህ ነጥብ ሂድ» የሚሉ ናቸው፤ በብዕሩ ቦታ ቢላ ይገባል። የቋንቋው አንድ መለኪያ 0.025 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የማስታወቂያ ስቲከር የሚቆርጡ ቤቶች የሚጠቀሙበት ማሽን የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ኢንክስኬፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ፋይሉን ማውጣት ይችላል። መሞከር የሚፈልግ ተማሪ ከዚህ ይጀምር።

ሌላው እንቆቅልሽ ቁራጮቹን ጥቅሉ ላይ መደርደር ነው። ብክነቱ ትንሹ የሚሆንበትን አደራደር ማግኘት ከከባዶቹ የኮምፒውተር ሳይንስ ችግሮች አንዱ ስለሆነ፣ ሶፍትዌሮቹ ፍጹሙን ትተው በቂውን ይፈልጋሉ።

ማሽን ይቁረጠው ወይስ እጅ?

አንዳንድ ባለሙያ ፊልሙን ዘርግቶ መኪናው ላይ በቢላ ይቆርጣል። ጠርዙን አጥፎ ወደ ውስጥ ማስገባት ስለሚችል ውጤቱ ያምራል፤ ነገር ግን ቢላው ትንሽ ከጠነከረ የሚቆርጠው ያንኑ ከጸጉር የሳሳ ክሊር ነው። ማሽን የቆረጠው ቢላ ወደ ቀለሙ አያቀርብም፤ በምትኩ ጠርዙ ላይ ቀጭን መስመር ሊታይ ይችላል። ሁለቱንም የሚያቀላቅሉ ሱቆች አሉ፦ ንድፉን ከማሽኑ ይወስዱና ጠርዙ ላይ ትርፍ እንዲኖረው አድርገው ያስፋፉታል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ለዓመታት የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ያገለገለ ኮርቬት የገዛ ጓደኛ አለኝ። ሱቁ ከመለጠፉ በፊት መኪናው ድጋሚ ተቀብቶ እንደሆነ ማወቅ ነበረበት፤ ደካማ ድጋሚ ቀለም ፊልሙ ሲነሳ አብሮ ሊላጥ ይችላል። የተለመደው የቀለም ውፍረት መለኪያ ግን ከሥር ብረት ወይም አሉሚኒየም ይፈልጋል። ኮርቬት ደግሞ ከ1953 ጀምሮ አካሉ ከፋይበርግላስና መሰል ነገሮች የተሠራ ነው፤ ስለዚህ በአልትራሳውንድ የሚለካ መሣሪያ አስፈለገ። ጓደኛዬ በመጨረሻ የፊቱንና የኋላ ፓራፋንጎዎቹን ብቻ አስለጠፈ፤ የቀረውን ገንዘብ ለጎማ አዋለው።

ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት

1. የምትቆርጡት በማሽን ነው ወይስ መኪናው ላይ? ጠርዙስ ይታጠፋል?
2. ዋስትናው መበለዝንና መላጥን ይሸፍናል? የጉልበት ዋጋስ?
3. ቀለሙን ለክታችኋል? በምን መሣሪያ?
4. የመኪና ማቆሚያ ሴንሰሮቹ ቦታቸው ክፍት ይሆናል?
5. የለጠፋችሁትን ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ መኪና ማየት እችላለሁ?

በየቀኑ ቤልትዌይ የሚወጣ ሰው የፊቱን ቢያስለጥፍ ገንዘቡን አያባክንም። መኪናው ከ14ኛው ጎዳና ብዙም የማይርቅ ሰው ግን በየጊዜው ጥሩ እጥበትና ሰም ይበቃዋል።