ሐኪሙ በአንድ ከተማ፤ ሕመምተኛው በሌላ ከተማ

እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር፣ በሕንድ አገር በአህመዳባድ ከተማ አንድ የልብ ሕመምተኛ በሕክምና አልጋ ላይ ተጋድሞ ነበር። የጠበበውን የደም ሥር የሚከፍቱለት ሐኪም ግን ከአጠገቡ አልነበሩም። ዶክተር ቴጃስ ፓቴል በዚያ ሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በጋንዲናጋር ከተማ በሚገኘው በአክሻርዳም የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ውስጥ በመቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ነበር። እሳቸው እጀታውን ሲያንቀሳቅሱ፣ ከአልጋው ጋር የተያያዘው መኪና ቀጭኑን ሽቦ በሕመምተኛው የደም ሥር ውስጥ ያስኬደው ነበር። በዚህ ዓይነት 5 ሕመምተኞች ታከሙ፤ የሁሉም ሕክምና በመልካም ተፈጸመ።

ይህን የሰማ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «እንግዲህ የሰው ልብ ለመኪና ተሰጠን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኤበርስዋልደ ከተማ፣ ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ሐኪም የገዛ ክንዱን የደም ሥር ከፍቶ፣ 65 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ቱቦ እስከ ልቡ ድረስ አስገባ። ቱቦው በውስጡ እንዳለ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶግራፍ አስነሣ። በጊዜው ብዙ ነቀፋ ደረሰበት፤ በ1956 ዓ.ም. ግን ከሁለት ሌሎች ሐኪሞች ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ይህ ዓይነቱ ቱቦ ካቴተር ይባላል።

ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 16 ቀን፣ በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ዶክተር አንድሬያስ ግሩንትሲግ በጫፉ ትንሽ ፊኛ ያለበትን ካቴተር በአንድ ሕመምተኛ የልብ የደም ሥር ውስጥ አስገቡ። ሕመምተኛው አልተኛም፤ ነቅቶ ሳለ ፊኛው ተነፍቶ የጠበበው ሥር ተከፈተ። ዶክተሩ መሣሪያውን ለመሥራት ይሞክሩ የነበረው በቤታቸው፣ በማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ዛሬ የተከፈተው ሥር ተመልሶ እንዳይጠብ ስቴንት የሚባል ትንሽ የሽቦ መረብ በቦታው ይተዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ደረት ሳይከፈት፣ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል በሚበሳ ትንሽ ቀዳዳ ነው።

ለሕመምተኛው የቀለለው ነገር ግን ለሐኪሙ ከብዶአል። ካቴተሩ በሥጋ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ዓይን ሊያየው ስለማይችል፣ ሥራው የሚካሄደው በራጅ ጨረር እየታየ ነው። ሕመምተኛው ይህን ጨረር በዕድሜው ጥቂት ጊዜ ቢቀበል፣ ሐኪሙ ግን ዘወትር በአጠገቡ ይቆማል። ራሱን ለመከላከል እርሳስ ያለበት ከባድ ሽርጥ ለብሶ ለሰዓታት ስለሚቆም፣ ጀርባውና አንገቱ ይጎዳሉ፤ ዓይኑም በሞራ ሊጋረድ ይችላል። የሌላውን ዕድሜ ሲያረዝም የራሱን ጤና ይከፍላል ማለት ነው።

መኪናው የታሰበው ይህን ለማቃለል ነበር። ኮርፓዝ የተባለው መኪና በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ለልብ የደም ሥር ሕክምና ተፈቀደ። ሐኪሙ ጨረር ከማያሳልፍ ከለላ ጀርባ ተቀምጦ የራጁን ሥዕል ይመለከታል፤ እጀታውን በጣቱ ሲያንቀሳቅስ፣ የመኪናው ክንድ ሽቦውን፣ ፊኛውንና ስቴንቱን ይገፋል ወይም ይስባል። እርምጃውም በሚሊ ሜትር ይመጠናል። 164 ሕመምተኞች የታከሙበትና በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ በሐኪሙ ላይ የሚደርሰው ጨረር ከመቶ 95 እጅ ያህል ቀነሰ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ይህ መኪና በራሱ ፈቃድ አንዲት እርምጃ እንኳ አይራመድም፤ የሚያየውም የሚወስነውም ሐኪሙ ነው። የደም ሥሩን የሚበሳውና ዋናውን ካቴተር እስከ ልብ ሥር የሚያደርሰው በአልጋው አጠገብ የቆመ የሰው እጅ ነው። ሽቦው ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ለጣት የሚሰማውን ስሜት ኮርፓዝ አያስተላልፍምና፣ ሐኪሙ በዓይኑ ብቻ ይፈርዳል። ሥሩ ቢቀደድ ወይም ልብ ቢቆም የሚደርሱለት በክፍሉ ያሉት ሐኪሞችና አስታማሚዎች ናቸው። በአህመዳባድም እነዚህ ረዳቶች ከሕመምተኛው አልተለዩም ነበር። ሩቅ ያለው እጅ የሚጠቅመው ቅርብ ያለ እጅ ሲኖር ነው።

ተስፋው ትልቅ ነው። በ2019 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ፣ ሐኪሞች በዚሁ ዓይነት መኪና እየታገዙ በአንጎል ውስጥ ያበጠ የደም ሥር አከሙ። የአንጎል ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው፤ ይህን የሚከፍት ሐኪም ደግሞ በየከተማው አይገኝም። ይሁን እንጂ መንገዱ ቀና ብቻ አይደለም። የኮርፓዝን ኩባንያ ሲመንስ ሄልዝኒርስ በ2019 ዓ.ም. በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ሳለ፣ በ2023 ዓ.ም. በልብ ሕክምና በኩል ያለውን የመኪናውን ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ። ከመኪናው በፊት የሠለጠነ ሰው ማዘጋጀት የሚበልጠውም ስለዚህ ነው፤ መኪና ሥራው ቢቋረጥም የሰው ዕውቀት አይቋረጥም።

ከዚህ ሁሉ ለቤተ ሰብ የሚተርፍ ምክር አለ። ከቤታችን አንዱ ደረቱን አጥብቆ የሚያስጨንቅ ሕመም ቢሰማው፣ ወይም በድንገት ፊቱ ቢጣመም፣ አንደበቱ ቢተሳሰር፣ አንድ ወገኑ ቢዝል፣ «ትንሽ ይረፍና ይሻለዋል» ሳንል ያንጊዜውኑ ወደ ሐኪም ቤት እናድርሰው። በቤት ውስጥ የባከነውን ሰዓት የሚመልስ መኪና እስካሁን አልተሠራም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው እጅ የእኛው እጅ ነው።