የመስታወት ስቶቭና የዶሮ ወጥ ድስት

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በአትላንታ ወይም በዳላስ አፓርታማ የተከራየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ላዩ ጥቁር መስታወት የሆነ ስቶቭ ነው። ሲያዩት ያምራል፤ አንዴ በጨርቅ ሲያብሱት ያብረቀርቃል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ግራጫ ጭረት፣ ቡናማ ቀለበትና በምንም የማይለቅ ጥቁር እድፍ ይታይበታል። ከዚያ «መስታወት ለሐበሻ ምግብ አይሆንም» የሚል ፍርድ ይከተላል። ፍርዱ ግማሽ እውነት አለው። መስታወቱ ሙቀት አይፈራም። የሚፈራው ከባድ ነገር ሲወድቅበት፣ ሻካራ ነገር ሲጎተትበት፣ ስኳር ሲያርርበትና ከማሞቂያው ክብ የሰፋ ድስት ለሰዓታት ሲጣድበት ነው። የእኛ አበሳሰል ደግሞ አብዛኞቹን በአንድ የበዓል ዋዜማ ያሟላቸዋል።

የመስኮት መስታወት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን በተሰነጠቀ ነበር። ተራ መስታወት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ አንዱ ቦታ ግሎ አጠገቡ ያለው ከቀዘቀዘ ይፈነዳል። የስቶቩ መስታወት ግን ሲመረት በከፍተኛ ሙቀት ዳግም ይቆይና በውስጡ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክሪስታሎች እንዲፈጠሩ ይደረጋል። ክሪስታሎቹ ሲሞቁ ይኮማተራሉ፤ በመካከላቸው የቀረው መስታወት ይለጠጣል፤ አንዱ የሌላውን ስለሚያካክስ የሰሌዳው መጠን ከሞላ ጎደል አይለወጥም። ቀይ ሆኖ በጋለው ቦታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ቢል የማይፈነዳው ለዚህ ነው።

ይህ ዓይነቱ መስታወት የተገኘው በስህተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው የኮርኒንግ ኩባንያ የሚሠራው ኬሚስት ዶናልድ ስቱኪ አንድ የመስታወት ቁራጭ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያሞቅ ማሞቂያ ውስጥ ያስገባል። መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ሙቀቱ ወደ 900 ይወጣል። ቀልጦ አገኘዋለሁ ያለው ቁራጭ ነጭና ጠጣር ሆኖ ጠበቀው፤ ሊያወጣው ሲል ከመቆንጠጫው አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አልተሰበረም። ከዚያ በመጀመሪያ የወጥ ቤት ሳህኖች፣ ቆይቶ ደግሞ የስቶቭ ሰሌዳዎች ተሠሩ። ዛሬ በብዙ ስቶቮች ጥግ ላይ የሚነበበው «ሴራን» የጀርመኑ የሾት ኩባንያ ምርት ነው።

የስቱኪ ቁራጭ ወድቆ አለመሰበሩ ግን አያዘናጋ። የስቶቩ ሰሌዳ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከላይ ካለው ካቢኔት የበርበሬ ብርጭቆ በጠርዙ ቢወድቅበት ያ ሁሉ ጥንካሬ ዋጋ የለውም። ከስቶቩ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ቀላል ነገር ብቻ ማስቀመጥ ከማንኛውም የማጽጃ ክሬም ይበልጣል።

አዲስ ተጠቃሚ ቶሎ የሚያማርረው በሌላ ነገር ነው። ስቶቩን እስከ መጨረሻው ከፍቶት እያለ ከመስታወቱ ሥር የሚታየው ቀይ ብርሃን ይጠፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፤ ደግሞ ይጠፋል። ይህ ብልሽት አይደለም። መስታወቱ ከልክ በላይ እንዳይግል የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ ማሞቂያውን እያጠፋና እያበራ ነው። ድስቱ ታቹ ለጥ ያለ ከሆነ ሙቀቱን ተቀብሎ ይወስደዋል፤ ማሞቂያውም ረጅም ጊዜ ይበራል። ድስቱ የተጣመመ ወይም ታቹ ክብ ከሆነ ግን ሙቀቱ መስታወቱ ላይ ይከማቻል፤ መቆጣጠሪያውም ቶሎ ቶሎ ይቆርጠዋል። ውሃ ለማፍላት ዘመን የሚፈጅ ስቶቭ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የደከመው ድስቱ ነው። ለማረጋገጥ ድስቱን ገልብጦ ታቹ ላይ ማስመሪያ በቁሙ ማስደገፍ ይበቃል። በሥሩ ብርሃን ካለፈ ድስቱ ተጣሟል፤ የቆየ ስስ አልሙኒየም ብዙ ጊዜ እዚህ ይወድቃል። ስቶቭ ለመቀየር ከመነሳት በፊት ይህን መሞከር ብዙ መቶ ዶላር ሊያተርፍ ይችላል።

ወደ ዶሮ ወጡ እንመለስ። አምራቾች በመመሪያቸው ድስቱ ከማሞቂያው ክብ ከአንድ ኢንች በላይ እንዳይተርፍ ያስጠነቅቃሉ። ለሠላሳ ሰው የሚሆን ድስት በየትኛውም ወገን ከዚያ በላይ ይተርፋል። የተረፈው የድስቱ ታች ሙቀቱን በመስታወቱና በራሱ መካከል ያፍነዋል፤ ሽንኩርቱ ደግሞ ቁሌቱ እስኪበስል ሰዓታት ይፈልጋል። ውጤቱ የመስታወቱ ቀለም መለወጥ፣ አንዳንዴም መሰንጠቅ ነው። ሁለት ማሞቂያ ላይ አጋድሞ መጣድም መፍትሔ አይደለም። ቁሌቱን በሁለት መካከለኛ ድስት ከፍሎ መሥራት ይሻላል፤ ለትልቅ ድግስ ደግሞ በፕሮፔን ጋዝ የሚሠራውን የውጭ ምድጃ መጠቀም። ውጭ ማለት ግን ውጭ ነው። በሩ የተከፈተ ጋራዥም ቢሆን ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሞላ ይችላል።

ቡና ሲቆላ ብረት ምጣዱን ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ልማድ ነው፤ መስታወቱን የሚጨርሰውም ይኸው ነው። አንስቶ ማነቃነቅ፣ ወይም ምጣዱን አስቀምጦ በማማሰያ ማዟዟር ይቻላል። የሸክላ ጀበና ጉዳይ ይከብዳል። ታቹ ክብ ከሆነ መስታወቱን የሚነካው በትንሽ ነጥብ ነው፤ ቶሎ አይፈላም፣ ይንገዳገዳል፣ ሸክላውም ይቧጭራል። ከሥሩ የሽቦ ቀለበት ማድረግ የሚያዋጣ ይመስላል፤ አምራቾች ግን ሽቦው ሙቀቱን እዚያው ስለሚያከማች ይከለክላሉ። ታቹ ለጥ ያለ የብረት ጀበና ወይም ለብቻዋ የምትቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሻላል። ለዕጣን የሚሆን ከሰልም መስታወቱ ላይ አይቀጣጠልም።

ጽዳቱ እንደሚወራው አይከብድም፤ የሚያከብደው ሳያጸዱ ደግሞ ማብሰል ነው። የፈነጠቀ ዘይትና በርበሬ በመጀመሪያው ቀን በሳሙና ጨርቅ ይለቃል፤ በላዩ ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተበሰለበት ያርርና ይጋገራል። ያኔ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ በሞቀ ውሃ የረጠበ ጨርቅ ሩብ ሰዓት ያህል ማልበስ፣ ከዚያ ማሸት ነው። ብዙ ሰው ሶዳው ላይ አቼቶ ያፈስበታል። አረፋው ደስ ይላል፤ ግን ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ይሰርዛል፤ ሥራውን የሚሠራው የሶዳው ለስላሳ ደቃቅ ነው። አቼቶ የሚጠቅመው ብቻውን፣ ውሃ ደርቆ የተወውን ነጭ ምልክት ለማንሳት ነው። ይህ ሁሉ ካልበገረው ምላጭ አለ። ያስፈራል፤ ነገር ግን አምራቾቹ ራሳቸው የሚመክሩት ነው። አዲስ ምላጭ በመያዣው ውስጥ ሆኖ፣ መስታወቱ እርጥብ እያለ፣ ጋደም ተደርጎ ይገፋል፤ በጫፉ አይቧጭሩ። የሽቦ ማጠቢያ፣ በረኪናና አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ ግን አይነካውም። የመስኮት ማጽጃው ቅሪት ሲሞቅ የራሱን እድፍ ይተዋል።

አልሙኒየም ድስት የሚተወው ግራጫ መስመር ብዙ ጊዜ ጭረት አይደለም። በጥፍር ሲነኩት ጎድጎድ ካላለ፣ መስታወቱ ላይ የቀረ ብረት ነው፤ ለመስታወት ስቶቭ ተብሎ በሚሸጠው ክሬም ይለቃል። እውነተኛ ጭረት ግን አይጠፋም፤ «ያጠፋል» የሚለውን ማስታወቂያ አልፎ መሄድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው ስኳር ነው። ስኳር ያለበት ሻይ፣ ማር ወይም ማርማላታ ገንፍሎ ከፈሰሰ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ጥፋት ነው። ስኳሩ ሲቀዘቅዝ ከመስታወቱ ጋር ተያይዞ ይኮማተርና ፍንጣሪ ይዞ ይነሳል፤ የሚቀረው ጉድጓድ አይሞላም። ስለዚህ ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ ድስቱን አንስቶ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቆ፣ ገና ትኩስ እያለ በብረት መፋቂያ ወደ ቀዝቃዛው ቦታ መግፋት ያስፈልጋል። የቀለጠ ፕላስቲክና የተጣበቀ ፎይልም እንዲሁ።

ስለ ምጣድ ካልተነሳ ጽሑፉ ይጎድላል። በአሜሪካ ብዙ ሐበሻ እንጀራ የሚጋግርበት ሄሪቴጅ ግሪል የተባለው ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ የተሠራው የኖርዌይ ተወላጆች ለፍሴ ለሚሉት የድንች ቂጣ ነው። ከጭስ መሳቢያው ሥር መጋገር ስለሚመች መስታወቱ ላይ ማስቀመጥ ያጓጓል። አይደረግም። የስቶቩን ማዞሪያ ልብስ ወይም ክንድ ቢነካው ምጣዱና ገመዱ ከሥር ይነድዳሉ። ነገሩ የሩቅ ግምት አይደለም፦ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ሳምሰንግ በአሜሪካ ከ1.1 ሚሊዮን የሚበልጡ የኤሌክትሪክ ስቶቮችን የሚመለከት ጥሪ ያወጣው የፊት ማዞሪያዎቻቸው ሰው ወይም የቤት እንስሳ ሳያስበው ሲነካቸው ስለሚበሩ ነበር። መፍትሔው በነጻ የሚላክ የማዞሪያ መቆለፊያ ወይም መሸፈኛ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ኤልጂም ተመሳሳይ ጥሪ አደረገ።

መቼ ይቀየር? መስታወቱ ከተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ቀጭን ክር ቢያህልም፣ ማብሰል ይቁም፤ ብሬከሩም ይጥፋ። ፈሳሽ በስንጥቁ ገብቶ ኤሌክትሪክ ያለበትን ክፍል ሊነካ ይችላል። የአዲስ መስታወት ዋጋ ከነገጠማው የአዲስ ስቶቭ ዋጋ ግማሽ ካለፈ መቀየር ያዋጣል፤ በመውደቅ የመጣ ስብራትን ደግሞ ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። አንድ ማሞቂያ ብቻ ከሞተ ግን ጥገናው ቀላል ነው። ተከራይ ከሆኑ ስቶቩ የአከራዩ ነው፤ ቤቱን ሲረከቡ ያለውን ጭረት ሁሉ ፎቶ አንስተው በጽሑፍ ይላኩ፣ አለዚያ ሲወጡ ከማስያዣው ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ኦቨኑ ራሱን የሚያጸዳበትን ቁልፍ ደግሞ በበዓል ዋዜማ አይንኩት። ሙቀቱ ወደ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ያረጀ ኦቨን የሚበላሸው በዚያው ሰዓት ነው።

ሻጮች ስቶቭ፣ ፍሪጅ፣ ማይክሮዌቭና ዕቃ ማጠቢያ ማሽን አንድ ላይ በቅናሽ ያቀርባሉ። ቀለማቸው መመሳሰሉ ደስ ይላል፤ ግን የሚሠራ ፍሪጅ ለቀለም ብሎ መጣል አይታየኝም። ዕድሜያቸውም አይገጥምም፦ ስቶቭ በተለምዶ ከ13 እስከ 15 ዓመት ሲያገለግል ዕቃ ማጠቢያው ከ10 ዓመት ብዙም አያልፍም።

ምርጫው በአበሳሰል ይወሰን። ጀበናና ከባድ ድስት በየቀኑ ለሚጣድበት ቤት ጋዝ ካለ ጋዝ፣ ከሌለ ያ የድሮው ጥምዝምዝ ብረት ያለው ስቶቭ ይሻላል፤ ርካሽም ነው። አዲሶቹ ግን በመሃላቸው ሙቀት የሚለካ መቆጣጠሪያ ስላላቸው ክብ ታች ያለውን ዕቃ እነሱም አይወዱትም። ኢንዳክሽን ላዩ መስታወት ነው፤ የሚሞቀው ግን በማግኔት ኃይል ድስቱ ራሱ ስለሆነ የፈሰሰው ነገር እንደ ተራው የመስታወት ስቶቭ አያርርም። ማግኔት የማይስበው አልሙኒየምና ሸክላ ግን አይሠራበትም፤ ቡና ሲቆላም ምጣዱን ባነሱ ቁጥር ሙቀቱ ይቋረጣል። ልብ ውስጥ ፔስሜከር ያለው ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለወጥ ብቻ ከሆነ እኔ ከመስታወቶቹ ኢንዳክሽኑን እመርጣለሁ።

ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር ይታይ። የቦታው ስፋት፣ አብዛኛው የአሜሪካ ስቶቭ 30 ኢንች ነው፤ ከዚያ ዕቃው የሚገባበት በር። ቀጥሎ ሶኬቱ፦ የኤሌክትሪክ ስቶቭ 240 ቮልትና ብዙ ጊዜ 40 ወይም 50 አምፒር የሚሸከም የራሱ መስመር ይፈልጋል። የቆየ ቤት ባለ ሦስት ቀዳዳ፣ አዲስ ቤት ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት አለው፤ ገመዱ ብዙ ጊዜ ለብቻው ስለሚሸጥ ሶኬቱን ፎቶ አንስቶ መሄድ ይጠቅማል። ከጋዝ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሰው ደግሞ አዲስ መስመር ማስዘርጊያው ከስቶቩ በላይ ሊያስወጣው ይችላል። ሦስተኛው ስቶቩ እንዳይገለበጥ ከግድግዳው ወይም ከወለሉ ጋር የሚይዘው ብረት ነው። ገጣሚው ቢዘነጋው ያስገድዱት፤ የተከፈተ የኦቨን በር ላይ ሕፃን ሲወጣበት ስቶቩ ከነፈላው ድስት ይገለበጣል።

ስቶቭ በኮንቴይነር ጭነው አገር ቤት ለመላክ የሚያስቡም አሉ። አልመክርም። የአሜሪካው 240 ቮልት ከሁለት የ120 ቮልት መስመሮች የሚመጣ ነው፤ ሰዓቱ፣ መብራቱና መቆጣጠሪያው ብዙ ጊዜ በ120 ይሠራሉ። የኢትዮጵያው 220 ቮልት በአንድ መስመር የሚመጣ ስለሆነ በግምት ከተያያዘ መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል፤ ባሰ ሲል አካሉ ሰው ይይዛል። አዲስ አበባ ውስጥ ለ220 ቮልት የተሠራ የመስታወት ስቶቭ ይገኛል። እዚያ መጠየቅ ያለበት የቤቱ መስመር ነው፦ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ አራቱም ማሞቂያ የበራ ስቶቭ ሲጨመርበት ብዙ ቤት የገባው ቆጣሪና ሽቦ አይችለውም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ በጣት ከሚነካው በእጅ የሚዞረው ይመረጥ፤ መብራት ድንገት ሲመለስ ቀድሞ የሚቃጠለው የንክኪው ሰሌዳ ነው፤ እሱን የሚተካ ዕቃ ማግኘት ደግሞ ማዞሪያ ከመግዛት እጅግ ይከብዳል።