ጭስ በባትሪ፦ ጀሪፍ ላይ ከሲጋራ ወደ ቬፕ

ሰማያዊ ዓባይ ከነጭ ዓባይ ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው በግራና በቀኙ ጀሪፍ የሚባሉ ሁለት ሰፈሮች አሉ። ምሥራቁ ከወንዙ ማዶ ነው። ሐበሻ «ጀሪፍ» ሲል ምዕራቡን፣ በካርቱም በኩል ያለውን ማለቱ ነው፤ ወንዙ ዳር ጡብ የሚተኮስበት፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ተሰባስበው የተከራዩበት፣ እንጀራም ጀበናም የማይታጣበት ሰፈር ነበር። ሲጋራም አይታጣበትም ነበር። ሻይ የምታፈላው ሴት ዘንድ፣ ባንበር ከሚሏት ዝቅ ያለች መቀመጫ ሳይነሱ፣ ብሪንጂ ከሚሉት የአገሩ ሲጋራ አንድ ፍሬ ይገዛ ነበር። ፍሙ እዚያው አጠገብ ስለሆነ ክብሪት እንኳ አያስፈልግም ነበር። ባለሱቁም ደንበኛውን ካወቀ እስከ ደመወዝ ቀን በዱቤ ይሰጥ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሱቅ በደረቴው ልጅ የሚሠራውን ሥራ ጀሪፍ ላይ ሻይ ሻጯ ትሠራው ነበር።

ይህን ማስቀደሜ በምክንያት ነው። ከሲጋራ ወደ ቬፕ የሚሻገር ሰው አንድ ዕቃ በሌላ የለወጠ ይመስለዋል። ነገር ግን በየማዕዘኑ በዝርዝር ሳንቲም ከሚገኝ ነገር ተነሥቶ መብራት፣ መለዋወጫና ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ፈሳሽ ወደሚጠይቅ ማሽን ነው የሚገባው። ብዙው ሰው መሻገሩ ሲያቅተው «ወኔ የለኝም» እያለ ራሱን ይወቅሳል። እኔ ግን ከጥፋቱ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለማሽኑና ለአቅርቦቱ ነው።

እስቲ ማሽኑን እንፍታው። ቬፕ፣ ወይም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ሲገነጠል ባትሪ፣ ኮይል የሚሉት ጠምዛዛ ሽቦ፣ ሽቦው የታቀፈው ጥጥና ፈሳሽ ነው። ተጠቃሚው ሲስብ ወይም ቁልፉን ሲጫን ባትሪው ሽቦውን ያግለዋል፣ ጥጡ የመጠጠው ፈሳሽ ይተናል፣ ትነቱም ቀዝቀዝ ሲል ጭጋግ ሆኖ ይወጣል። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የሚባሉ ጣፈጥ ያሉ ኬሚካሎች ድብልቅ ነው፤ ኒኮቲንና ማጣፈጫ ይጨመርበታል። የትንባሆ ቅጠል የለበትም፣ ኒኮቲኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ቅጠል የተጣራ ነው። ትልቁ ልዩነት እሳት አለመኖሩ ነው። የሲጋራ ጫፍ ሲሳብ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ታሩም ካርቦን ሞኖክሳይዱም የሚመጡት ከዚያ ቃጠሎ ነው። ጥጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ የቬፕ ሽቦ ከዚያ ሙቀት ሲሶውን እንኳ አይደርስም።

አሜሪካዊው ኸርበርት ጊልበርት ለእንዲህ ያለ ዕቃ በ1965 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝቶበት ነበር፤ አምርቶ የሚሸጥለት ግን አጣ። አሁን የምናውቀውን ያመጣው ቻይናዊው የመድኃኒት ባለሙያ ሆን ሊክ ነው፣ በ2003 እ.ኤ.አ.። እሱም አባቱም ብዙ የሚያጨሱ ነበሩ፤ አባቱን የሳንባ ካንሰር ነው የወሰዳቸው። ፈጣሪው ራሱ ከዓመታት በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገር ሲጋራውን ጨርሶ እንዳልተወ፣ ሁለቱንም እንደሚስብ አምኗል። ይህን ሳነብ አልሳቅሁም፤ የማሽኑን ጠባይ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር የለም።

የመጀመሪያው ቀን የሳል ቀን ነው። አጫሽ እጁ የለመደው አጭርና ጠንካራ ስበት ነው። ቬፕ በእርጋታ፣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ይሳባል። እንደ ሲጋራ ሞጭልፈህ ከሳብከው ወይ ጉሮሮህን ይቧጥጥሃል፣ ወይ ፈሳሹ ወጥቶ ምላስህን በምሬት ይሞላዋል። ፕሮፒሊን ግላይኮል አፍና ጉሮሮ ያደርቃል፤ በካርቱም ሙቀት ላይ ይህ ሲጨመር ሰውየው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲፈልግ ይውላል። በዚያ ላይ የእርካታው ጉዳይ አለ። ከሲጋራ የተሳበ ኒኮቲን ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። የድሮዎቹ ቬፖች ይህን ፍጥነት ስለማያውቁት አጫሹ እየሳበም ይቁነጠነጣል። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገበያ የወጣው ጁል ኒኮቲኑን ከአሲድ ጋር አዋሕዶ፣ «የኒኮቲን ጨው» በሚሉት መልክ አመጣው፤ ኃይለኛ ሆኖ ጉሮሮ የማይፍቅ። ለቆየ አጫሽ ይህ መገላገል ነበር። ሲጋራ በከንፈሩ ላልነካ ተማሪ ግን ሳያስለው ሱስ የሚያሲዝ ነገር ሆነ፣ አሜሪካኖቹም ይህን ያወቁት ልጆቻቸው ከተያዙ በኋላ ነው።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ቬፕ ከሲጋራ ይረክሳል ሲባል እንሰማለን። አንድ ፓኮ ሲጋራ በቀረጥ ተቆልሎ በሚሸጥበት ለንደን ይህ እውነት ነው። ካርቱም ላይ ግን ሲጋራው የአገር ውስጥ ነበር፣ በፍሬ ይሸጥ ነበር፣ ኪስ ሲሳሳ አምስቱን ወደ ሁለት ማውረድ ይቻል ነበር። ቬፕ በፍሬ አይሸጥም። ዕቃው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ ይፋውን ምንዛሪ በአንድ ቀን ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ለአንድ ዶላር ሲያወጣው፣ በፓውንድ የሚከፈለው ሐበሻ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ራቀው። በኢንተርኔት ልዘዝ የሚለውም አልቻለም፤ የአሜሪካ ማዕቀብ በ2017 እ.ኤ.አ. ቢነሣም የሱዳን ባንኮች ከዓለም የክፍያ ካርዶች ጋር ሳይገናኙ ቆይተዋል። የቀረው መንገድ ከዱባይ ወይም ከሪያድ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ነበር። «ስትመጣ ኮይል አምጣልኝ» ብሎ መላክ፣ መጠበቅ፣ ከዚያ ያልተባለው ዓይነት መድረሱ።

ኮይል ያልኩት ያ ጠምዛዛ ሽቦ የነገሩ ሁሉ እሾህ ነው። ዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ነው። ጣፋጩ ፈሳሽ ቶሎ ያጠቁረዋል፤ ማጣፈጫው በሽቦው ላይ እንደ ካራሜላ ይጋገርበታል። አዲሱ ሲገባ ጥጡ ፈሳሹን እስኪጠጣ ጥቂት ደቂቃ መታገስ ያስፈልጋል። ሱሱ ያንገበገበው ሰው ግን ትዕግሥት የለውም፤ ወዲያው ይስበዋል፣ ደረቁ ጥጥ ያርራል፣ አዲስ የተገዛው ኮይል በመጀመሪያው ስበት ይሞታል። የተቃጠለ ጥጥ ጣዕም የቀመሰ አይረሳውም። ቅሬታውም የጣዕም ብቻ አይደለም፣ ፈሳሹ ከመጠን በላይ ሲግል ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን ይፈጠራሉ፤ ሸሸናቸው ያልናቸው የሲጋራ መርዞች ናቸው። ሌላም አለ። ፋብሪካዎቹ በየጊዜው አዲስ ሞዴል ስለሚያወጡ የአምናው ዕቃ ኮይል ዘንድሮ ከገበያ ይጠፋል። ባትሪው እየሠራ፣ ቀፎው አዲስ እንደመሰለ፣ በአንዲት ብጣሽ ሽቦ እጦት ይጣላል።

መለዋወጫ አልፈልግም ያለ ተጥሎ የሚያልቀውን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ይገዛል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የስበት ብዛት ማሽን እየሳበ የተቆጠረ ነው፤ የሰው ሳንባ ረዘም አድርጎ ስለሚስብ ቶሎ ያልቃል። እንግሊዝ የልጆቹም የቆሻሻውም ነገር ሲያሳስባት ይህን ዓይነቱን ከሰኔ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበያ አግዳለች።

የካርቱም አየርም ለዚህ ዕቃ አይመችም። ግንቦት ላይ ሙቀቱ 45 ዲግሪን ሲነካ ፈሳሹ ይቀጥንና ኪስ ውስጥ ያፈሳል፤ ሊቲየም ባትሪም ሙቀት አይወድም። ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል ሲነሣ ደቃቁ አሸዋ ቻርጅ የሚደረግበት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። መብራት ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ከፈነዳው ጦርነት በፊትም በበጋ በቀን ለብዙ ሰዓት ይጠፋ ነበር። ስልኩንና ቬፑን በአንድ ጊዜ ቻርጅ ማድረግ ያልቻለ ሰው የቱን እንደሚያስቀድም የታወቀ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ባትሪው ሲያልቅ ሻይ ሻጯ ገና አልገባችም ነበር፣ ብሪንጂውም አልቆባት አያውቅም ነበር። ብዙው «መሻገር» የሚያልቀው እዚያ ባንበር ላይ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከገንዘቡም ከኮይሉም በላይ ያሳስበኛል። ሲጋራ መጨረሻ አለው። ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ነድዶ ያልቃል፣ ቁራጩ ይጣላል፣ ሰውየውም ወደ ሥራው ይመለሳል። በቀን ስንት እንዳጨሰ ፓኮውን ከፍቶ ይቆጥራል። ቬፕ ማቆሚያ የለውም። አንድ ስቦ ኪሱ ይከተዋል፣ ከደቂቃ በኋላ ያወጣዋል፤ ከአልጋው ሳይነሣ፣ መኪና ውስጥ፣ ቢሮ ሽንት ቤት ውስጥ። ሽታው ቶሎ ስለሚጠፋ የሚቆጣው የለም። ስንት እንደሳበ ቢጠየቅ መልስ የለውም። በፍሬ ሲቆጠር የነበረ ሱስ ቁጥሩ ሲጠፋበት ይቀንስ ወይም ይጨምር ባለቤቱም አያውቀውም። የወጪውም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ሲጋራ የዕለት ወጪ ስለሆነ ይሰማል፣ ቬፕ ግን ጠርሙሱ ሲያልቅ ብቻ ነው የሚያስደነግጠው።

ታዲያ ለማቆም አይረዳም? ይረዳል፣ ግን በልክ። በ2019 እ.ኤ.አ. «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ የወጣው የፒተር ሃየክና የባልደረቦቹ ጥናት 886 እንግሊዛውያን አጫሾችን ተከታትሏል። ከዓመት በኋላ ቬፕ ከተሰጣቸው 18 በመቶው፣ የኒኮቲን ፕላስተር፣ ማስቲካና የመሳሰሉት ከተሰጣቸው ደግሞ 9.9 በመቶው ሲጋራ አቁመው ተገኙ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሆኖም በቬፕ ካቆሙት 80 በመቶው ዓመቱን ጨርሰውም ቬፑን አልጣሉትም ነበር፤ በሌሎቹ ካቆሙት ግን ማስቲካና ፕላስተሩን የያዙት 9 በመቶው ብቻ ነበሩ። ደግሞም ይህ የሆነው የጤና ባለሙያ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ እየመከራቸው፣ ፈሳሹ በየሰፈሩ ሱቅ በሚገኝበት አገር ነው። በሰው ሻንጣ ኮይል የሚጠብቀው የጀሪፍ ሰው ይህ ሁሉ አልነበረውም።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው መሐል ላይ ነው፤ ቤት ቬፕ፣ ውጭ ሲጋራ። ወጪው ድርብ ይሆናል። ጤናውም እንደተመኘው አይሻሻልም፣ ምክንያቱም በቀን ጥቂት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው የልብ ሕመም አደጋው እንደ ሲጋራው ቁጥር አብሮ አይወርድም። ከዚህ ከዚያ እያሉ ዓመታት ከመቁጠር አንዱን ሙሉ በሙሉ መተው ይሻላል፣ መተውም ያለበት ሲጋራው ነው።

«ከሲጋራ ፋብሪካ እጅ ወጣሁ» የሚለውም ቸኩሏል። ብሪንጂን የሚያመርተውን የሱዳኑን ሃጋር የሲጋራና የትንባሆ ፋብሪካ ጃፓን ቶባኮ በ2011 እ.ኤ.አ. በ450 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ያው ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በዓመቱ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገ። ስለዚህ አዲስ አበባ ኒያላ ሲያጨስ የነበረ ሰው ካርቱም ገብቶ ብሪንጂ ሲጀምር ገንዘቡ የሚገባው ወደ አንድ ካዝና ነበር። ኩባንያው በመካከሉ ኢ ላይትስና ሎጂክ የተባሉትን የቬፕ አምራቾችም ጠቅልሏል። አልትሪያ፣ የአሜሪካው ማርልቦሮ ባለቤት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ለጁል 35 በመቶ 12.8 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። በሩን ከፍተህ ስትወጣ ሌላኛው በር ላይ ቆመው የሚቀበሉህ እነሱው ናቸው።

ስለ ጉዳቱ የሚሰማው እርስ በርሱ ይጋጫል። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ቬፕ ከሲጋራ 95 በመቶ ያነሰ ጉዳት እንዳለው ገመተ፤ ቁጥሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. መንግሥታት ማጣፈጫ ያላቸውን ቬፖች ሁሉ እንዲከለክሉ ጠየቀ። ሁለቱን ማስታረቅ አይከብድም፤ አንዱ የሚያየው አጫሹን ነው፣ ሌላው ጭራሽ ያላጨሰውን ልጅ። ለሱዳኖች ግን ከሲጋራውም በፊት የሚያሳስባቸው ቱምባክ ነው። አትሮን ከሚሉት ሶዳ ጋር ተቀይጦ በከንፈር ስር የሚቀመጠው ይህ ትንባሆ ጭስ የለውም፣ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካንሰር አምጪ ናይትሮሳሚን እጅግ ከፍተኛ መሆኑ ተለክቶ ታውቋል። ጭስ የለውም ማለት ጉዳት የለውም ማለት እንዳልሆነ ከካርቱም ሐኪሞች በላይ የሚያውቅ የለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ስዑር ዕለት፣ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ የጀሪፍ ሐበሻ ተበተነ፤ ብዙው በገዳሪፍ አድርጎ መተማ ገባ። ቬፑን ይዞ የተሻገረ ካለ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ሆነ የሺሻ ሽያጭን ከልክሏል፤ ሲጋራም ቢሆን ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም። ስለዚህ ኮይልና ፈሳሽ በሕጋዊ ሱቅ አይገኝም፣ በድብቅ የሚሸጠውም ምን እንደተቀላቀለበት የሚመረምረው የለም። ለማያጨስ ሰው ይህ ማሽን አንዳች ጥቅም የለውም፣ አይጀምረው። ሲጋራውን በቬፕ ያቆመ ደግሞ በእጁ ያለው ፈሳሽ ሳያልቅ የኒኮቲኑን መጠን ደረጃ በደረጃ ቀንሶ ይጨርሰው። ባትሪው ሲያልቅ ወደ ሲጋራው የሚመለስ የመሰለው ግን ያ ቀን ሳይደርስ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ፣ ቻርጅም ኮይልም አይጠይቁም።