«ሰራ» ወይስ «ፈራ»? ከፖድካስት ድምፅ ጀርባ ያለው ምህንድስና

በአማርኛ «ሰራ» እና «ፈራ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ፊት ለፊት ሲነገሩ ማንም አይሳሳትባቸውም፤ በስልክ ሲሰሙ ግን መምታታት ይጀምራሉ። መደበኛው የስልክ መስመር በተለምዶ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ሲሆን፣ «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለየው ፉጨት መሰል ድምፅ በአብዛኛው ከዚህ ወሰን በላይ ይገኛል።

አገር ቤት ያሉ አያቱን በስልክ አነጋግሮ ታሪካቸውን በፖድካስት ለማቆየት ለሚያስብ ወጣት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መስመሩ የቆረጠውን ድምፅ ሶፍትዌር ሊገምተው እንጂ ሊመልሰው አይችልም።

«ፖድካስት» የሚለው ስያሜ እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪታንያው ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ታየ። በዓመቱ አፕል አገልግሎቱን በአይቲዩንስ ውስጥ አካተተ። ዛሬ ቀረጻ፣ ሥልጠናና ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎች የሚተዳደሩበት ሥራ ሆኗል። ለመሆኑ እነዚህ ባለሙያዎች የሚያስተምሩት ምንድን ነው?

ቀዳሚው ትምህርት ስለ ክፍሉ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሁለት ሜትር ርቆ ከሚገኝ ባዶ ግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰውም ከ12 ሺሕኛ ሰከንድ በኋላ ነው። ጆሮ ይህን እንደ ተለየ ማሚቶ ባይሰማውም ንግግሩ ይደበዝዛል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ጋቢ፣ ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ነጸብራቁን ይቀንሳሉ።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ተናጋሪው ከማይክሮፎኑ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ የክፍሉ ማሚቶ ግን እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ አንድ ስንዝር ያህል መቅረብና፣ የ«ፐ» ትንፋሽ እንዳይመታው ማይክሮፎኑን ከአፍ ፊት ጥቂት ወደ ጎን ማድረግ ይመከራል።

ተነጋጋሪዎቹ በተለያየ አገር ሲሆኑ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ባለበት ቦታ ይቀርጻል። የልጅ ልጁ ከፍራንክፈርት በኢንተርኔት ሲጠይቅ፣ በአያቲቱ አጠገብ የተቀመጠ ሌላ ስልክ መልሳቸውን በሙሉ ጥራት ይይዛል። መጀመሪያ ላይ የሚደረግ አንድ ጭብጨባ ሁለቱን ፋይሎች ለማገጣጠም ምልክት ይሆናል። በሰከንድ 44,100 ጊዜ በ16 ቢት የሚለካ የአንድ ሰዓት ነጠላ ቅጂ 318 ሜጋባይት ገደማ ይመዝናል፤ በ64 ኪሎቢት ኤምፒ3 ሲጨመቅ ወደ 29 ይወርዳል። የሚጨመቀው ለአድማጭ የሚላከው ቅጂ ነው፤ ዋናው ሳይነካ ይቀመጣል።

የመጨረሻው አርትዖት ነው። «ይመታል» ሲላላ መምታትን፣ ሲጠብቅ መመታትን ያመለክታል። የሚጠብቀው «ተ» የሚሰማው ደግሞ በቅጽበታዊ ዝምታ ነው። ዝምታን በራሱ የሚቆርጥ ፕሮግራም ያለልክ ጠብቆ ከተስተካከለ ያችን ቅጽበት ሊውጣት፣ ተመቺውንም መቺ ሊያስመስል ይችላል። አማርኛን የሚያውቅ ጆሮ ከመሣሪያው የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ማይክሮፎን ነገም ይገዛል፤ የአያት ድምፅ ግን ለሁለተኛ ቀረጻ ላይገኝ ይችላል።